ቅልጥሜን ያመኛል፤ ሩጫውን ልተወው ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው። ጠያቂዋ የ27 ዓመት ወጣት ናት። በአጭሩ እንዲህ ትላለች፦

«መሮጥ የጀመርኩት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ታላቁ ሩጫን መሮጥ እፈልጋለሁ። በሳምንት አምስት ቀን ከሳቢያን ወደ ከዚራ በአስፋልት እሮጣለሁ። እስከ ሁለተኛው ሳምንት ጥሩ ነበርኩ። በሦስተኛው ግን የሁለቱም እግሬ ቅልጥም በውስጥ በኩል ማመም ጀመረ። የቀኙ ይብሳል። ስጀምር ያመኛል፣ ስሞቅ ይተወኛል፣ ቤት ስገባ ይመለሳል። ፋርማሲ ዲክሎፌናክ ሰጡኝ። አክስቴ ወጌሻ ጋ እንሂድ ትለኛለች። ጓደኛዬ ጫማሽ ነው ትላለች። ሩጫውን ልተወው? እናቴም ለታኅሣሥ ቁልቢ ገብርኤል በእግሯ ልትሄድ ተስላለች። እሷም ስትራመድ ቅልጥሟን ያማታል። የሁለታችንም አንድ ነገር ነው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ዋናውን ልመልስልሽ። ሩጫውን አትተዪውም። ለሁለት ሳምንት ግን አትሮጪም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው። ወይ ጭራሽ ይተወዋል፣ ወይ ጥርሱን ነክሶ ህመሙ ላይ ይሮጥበታል። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፣ የምሠራውም እዚሁ ድሬ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ እንዳንቺ ያለ ቅልጥም በብዛት ይመጣብኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

ከነገርሽኝ ሁሉ አንዱ ነገር ጎልቶ ታየኝ። ከዜሮ ተነስተሽ በሳምንት አምስት ቀን። ጫማውም አስፋልቱም ወጌሻውም ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ሰው መሮጥ ሲጀምር ቶሎ የሚለምዱት ልብና ሳንባው ናቸው። በሁለት በሦስት ሳምንት ትንፋሽሽ ይስተካከላል። ጡንቻም ብዙ ሳይዘገይ ይከተላል። አጥንት ግን የራሱ ጊዜ አለው። አጥንት ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ሁልጊዜም ራሱን ያድሳል። አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ ያረጀውን ክፍል ያፈርሳል፣ ከዚያ በኋላ ነው አዲሱን የሚገነባው። ግድግዳ ለማጠንከር መጀመሪያ የላላውን ልስን እንደሚያራግፍ ግንበኛ ማለት ነው። ማፍረሱ ጥቂት ሳምንታት ይወስዳል። ግንባታው ግን ወራት ይፈጃል። እንግዲህ መሃል ላይ አጥንትሽ ከጀመርሽበት ቀን ይልቅ የሳሳበት ጊዜ አለ። ያ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው አራተኛው ሳምንት ላይ ይውላል። ልክ ትንፋሽሽ ተስተካክሎ፣ ደስ ብሎሽ፣ ፍጥነት የምትጨምሪበት ሳምንት። ያንቺም ህመም የጀመረው እዚያው ላይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከባትሽ ሥር ጠለቅ ብለው ያሉ ጡንቻዎች ከቅልጥሙ ውስጠኛ ጠርዝ ጋር የተያያዙ ናቸው። እግርሽ መሬት ባረፈ ቁጥር ድንጋጤውን የሚቀበሉት እነሱ ናቸው። ሲደክሙ ጠርዙን ይጎትቱታል፣ የቀረውን ጫና ደግሞ አጥንቱ ብቻውን ይሸከመዋል። የአጥንቱ ሽፋን ይቆጣል። በሕክምናው ሺን ስፕሊንት የሚባለው ይሄ ነው። ሯጭ ይይዘዋል፣ ብዙ የሚራመድ ሰው ይይዘዋል፣ ሥልጠና የገባ ምልምል ወታደርም ይይዘዋል። ሴቶችን ከወንዶች በበለጠ ያጠቃል። ውስጥ እግራቸው ጠፍጣፋ የሆኑ ሰዎችን፣ ክብደት ያላቸውንና ከዚህ በፊት አንዴ የያዛቸውን ደግሞ ይበልጥ ይወዳል።

አሁን ይሄን ማንበብ አቁሚና ቅልጥምሽን ፈትሺው። ወንበር ላይ ተቀመጪ። ቀኝ እግርሽን ግራ ጉልበትሽ ላይ አድርጊው። በአውራ ጣትሽ ከቁርጭምጭሚትሽ ከፍ ብለሽ ጀምሪና የአጥንቱን ውስጠኛ ጠርዝ እየተጫንሽ ወደ ላይ ሂጂ። ህመሙ ሦስት ጣት፣ አራት ጣት በሚያህል ርዝመት ተዘርግቶ ካገኘሽው፣ እዚህ ጋ ነው ብለሽ በአንድ ጣት ልታሳዪኝ ካልቻልሽ፣ ነገሩ ሺን ስፕሊንት የመሆን ዕድሉ ትልቅ ነው። የጻፍሽው ታሪክም ይሄንኑ ይመስላል። ሁለቱም እግር፣ ሲጀምር አሞ ሲሞቅ የሚለቅ።

ህመሙ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ነው። የአንድ ብር ሳንቲም በምታህል ቦታ ላይ ስትጫኚ የሚያስጮህሽ ከሆነ፣ አንድ እግር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሌሊት ተኝተሽ የሚጠዘጥዝሽ ከሆነ፣ መራመድም የሚያምሽ ከሆነ አጥንቱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በዚያ እግር አንድ ጊዜ እንኳ ዘለል ማለት ካልቻልሽም እንደዚሁ። ያኔ ሩጫውን በዚያው ቀን አቁመሽ ሐኪም ዘንድ ትሄጃለሽ። ድል ጮራም ይሁን ሌላ ሆስፒታል፣ ዋናው መታየትሽ ነው። በተለይ የቅልጥም ፊት ለፊቱ፣ መሃል ላይ፣ ነጥብ ሆኖ የሚያም ከሆነ አትዘግዪ። እዚያ ቦታ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ ለመዳን እጅግ ያስቸግራል።

ስለ ራጅ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታልና። እንዲህ ያለ ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። «ራጅ ተነስቼ ምንም የለም አሉኝ» ብሎ በማግስቱ የሚሮጥ ሰው አለ። ምልክቶቹ ካሉ ራጁ ንጹሕ ቢሆንም እረፍቱ አይቀርም። በትክክል የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው። እሱ ባይገኝ እንኳ እንደ ስንጥቅ ቆጥሮ ማረፉ ይሻላል። ተሰንጥቆ ከሆነ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሩጫ የለም፣ ከዚያም ሊረዝም ይችላል።

ሌሎች ሁለት ምልክቶችንም እወቂ። ስትሮጪ ቅልጥምሽ ውጥር ብሎ እግርሽ የሚደነዝዝ፣ ጫፉን ማንሳት የሚያቅትሽ፣ ቆም ስትዪ ደግሞ በደቂቃዎች የሚለቅሽ ከሆነ፣ ጡንቻው በተቀመጠበት ቋት ውስጥ ግፊት እየበዛበት ነው። ይሄም ሐኪም ይፈልጋል። ከረጅም የመኪና ጉዞ በኋላ ደግሞ የአንድ እግር ባት ብቻ አብጦ ቢሞቅና ቢያም፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ነው።

ወደ ወጌሻው ልምጣ። አክስትሽ ይሄን ያሉት አስበውልሽ ነው። ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም፣ ሰፈር ውስጥ ለስንቱ ወለምታ የደረሱ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ህመም ግን እባክሽ አትሂጂ። የተቆጣ የአጥንት ሽፋን በቅባት ተጭኖ ሲታሽ የበለጠ ይቆጣል። ስንጥቅ ካለበት ደግሞ ያባብሰዋል። በጣም የሚያስፈራኝ ጠበቅ አድርጎ ማሰሩ ነው። በአገራችን ከልክ በላይ ታስሮ ደም የተቋረጠበት፣ በመጨረሻም የተቆረጠ እግር አለ። ይሄን ሐኪሞች ደጋግመው የሚያዩት ነገር ነው። ማሸት ካማረሽ የባትሽን ሥጋ ራስሽ በቀስታ እሺው። አጥንቱን አትንኪው።

ዲክሎፌናኩንም አስቀምጪው። ህመሙን ለጥቂት ቀን ሊያስታግስልሽ ይችላል፣ ግን አያድንም። ከሁሉም የከፋው ውጦ መሮጥ ነው። ህመም በዚህ ጊዜ ያለሽ ብቸኛ መለኪያ ነው። መለኪያውን አጥፍተሽ ከሮጥሽ ምን ያህል እንደጎዳሽ አታውቂም። እኔ ተማሪ ሳለሁ ይሄንኑ አድርጌዋለሁ። ለዩኒቨርሲቲ ውድድር አሥር ቀን ሲቀረኝ እየዋጥኩ ሮጥኩ። ውድድሩን ጨረስኩ። ከዚያ ግን ሁለት ወር ሙሉ መሮጥ አልቻልኩም፣ ቀኝ ቅልጥሜ ተሰንጥቆ ነበር። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን፣ ይሄን መድኃኒት ሐኪም ሳያማክር መውሰድ የለበትም። ህመሙ እንቅልፍ ከከለከለሽ ፓራሲታሞል ይበቃል። እንቅልፍ የሚከለክል ከሆነ ግን ስለ ስንጥቁ ያልኩሽን መልሰሽ አንብቢ።

ጓደኛሽም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም። የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ነው የሚያገለግለው፣ ከዚያ በኋላ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ይሞታል። ላዩ አዲስ ቢመስልም። የሰልባጅ ጫማ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተሮጠበት አታውቂም። ቢቀመጥም ስፖንጁ በዕድሜ ይደርቃል። ታይዋን ገበያ ላይ ጫማ ስትመርጪ ብራንዱን አትይ። ተረከዙ ላይ ያለውን ስፖንጅ በአውራ ጣትሽ ጫን በይው። ገባ ብሎ መመለስ አለበት። እንደ እንጨት ከደረቀ ተዪው። ጠፍጣፋ መሬት ላይ አስቀምጪውና ከኋላ ተመልከቺው። ወደ አንድ ጎን ካጋደለ የሌላ ሰው አረማመድ ተቀርጾበታል። አዲስም ይሁን ሰልባጅ፣ አድርገሽው ስትሮጪ ከመጀመሪያው ደቂቃ የሚመችሽን ውሰጂ። ውስጡ የሚገባ ለስላሳ ሶል መጨመርም ለአንዳንድ ሰው ይረዳል፣ ብዙ ገንዘብ ግን አታውጪበት።

የጫማ ነገር ሲነሳ አንድ ሰው ትዝ አለኝ። ከሐረር የመጣ ደንበኛ ነበር፣ ሯጭ አይደለም። ሥራው ጀጎል ውስጥ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በድንጋይ ንጣፉ ዳገት ቁልቁለት ሲል ይውላል። ዓመታት ምንም ሳይለው ኖሯል። አንድ ቀን ሶሉ የደረቀ፣ ሸንቀጥ ያለ የቆዳ ጫማ ገዛና በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ቅልጥሙ ታመመ። ወደ ድሮው ጫማው መለስነው፣ ለአንድ ወር ያህል አካሄዱን ቀነስን፣ ተረከዝ የማንሳት እንቅስቃሴ አስጀመርነው። በዚሁ ዳነ። ሰውነቱ ዳገቱን ለምዶታል። ያልለመደው ድንገተኛውን ለውጥ ነበር።

አስፋልቱስ? ጠንካራ ነው፣ እውነት ነው። አትሌቶቻችን እንኳ አብዛኛውን ልምምዳቸውን በጫካና በአፈር መንገድ ላይ ነው የሚሠሩት፣ አስፋልትን በልክ ነው የሚጠቀሙት። ግን አስፋልትን ብቻውን አልወቅሰውም። የከዚራ መንገድ ሜዳ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ጥላ አለው። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ከዚያ የተሻለ ቦታ ድሬ ውስጥ አላውቅም። አመጣጥኚው ነው የምልሽ፤ ወደ ሩጫ ስትመለሺ በሳምንት ከምትሮጪባቸው ሦስት ቀናት አንዱን ወይም ሁለቱን የአፈር ሜዳ ላይ አድርጊው።

ብዙ ልጆች «ለስላሳ ነው» እያሉ ወደ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ይወርዳሉ። ለታመመ ቅልጥም አልመክረውም። ለስላሳ አሸዋ ድንጋጤውን ይቀንሳል፣ ግን እግር ስለሚሰምጥ ባት ይበልጥ ይደክማል። የደከመ ባት ምን እንደሚያደርግ ቅድም ነግሬሻለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ። የደቻቱ ጎርፍ የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው። ድሬ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ውሃው ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ላይ መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ደመና ወደ ደንገጎ ተራራ በኩል ባለበት ወቅት ጆሮሽ ላይ ማዳመጫ ሰክተሽ እዚያ ውስጥ አትሩጪ።

ቁልቁለትም ለጊዜው ይቅር። ቁልቁል ስንወርድ ጡንቻው ፍሬን ሆኖ ነው የሚሠራው፣ ከዳገቱ ይልቅ የሚጎዳውም እሱ ነው።

እሺ፣ ምን ታደርጊያለሽ?

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አትሮጪም። አልጋ ላይ ተኚ ግን አላልኩሽም። መራመድ ካላመመሽ ተራመጂ። ብስክሌት ካገኘሽ በጣም ጥሩ ነው። ድሬ ሜዳ ናት፣ ማለዳ ላይ ግማሽ ሰዓት ብትነጂ ትንፋሽሽም አይጠፋም፣ ቅልጥምሽም አይመታም። ለህመሙ በረዶ ያዢበት። ሃይላንድ ውስጥ ውሃ ሞልተሽ ፍሪዘር ውስጥ ክተቺው። በስስ ፎጣ ጠቅልለሽ ቅልጥምሽ ላይ 15 ደቂቃ ያህል አንከባልዪው። በቀን ሁለት ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኛል። በረዶው ያስታግሳል እንጂ አይፈውስም። በረዶውን በቀጥታ ቆዳሽ ላይ አታድርጊ።

መድኃኒቱ የባት ማጠንከሪያው ነው። ይሄን ክፍል አትዝለዪው፣ ሰው ሁሉ የሚዘለው ይሄን ነውና። ግድግዳ ወይም የበር መቃን ይዘሽ ቁሚ። ሁለቱንም ተረከዝ በቀስታ አንሺ፣ ጫፍ ላይ ለአፍታ ቆዪ፣ ከማንሳቱ ይበልጥ ቀስ ብለሽ አውርጂ። 15 ጊዜ። ትንሽ አርፈሽ ድገሚው፣ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። አሁን ጉልበትሽን በትንሹ አጠፍ አድርገሽ እንደዚያው ሦስት ዙር ሥሪ። ጉልበት ሲታጠፍ ሥራው ወደ ጥልቁ ጡንቻ ይሄዳል፣ የምንፈልገውም እሱን ነው። ቀን እየዘለልሽ ሥሪው። ከሳምንት በኋላ ሲቀልሽ በአንድ እግር አድርጊው። እሱም ሲቀልሽ ውሃ የሞላ የ5 ሊትር ጀሪካን አንጠልጥለሽ። የኔ መለኪያ በአንድ እግር ሳያቋርጡ 25 ጊዜ ማንሳት ነው። እሱን የማትችል ባት አሥር ኪሎ ሜትር ለመሸከም አልተዘጋጀችም እላለሁ።

በዚያው ሰዓት ጀርባሽን ግድግዳ አስደግፈሽ፣ ተረከዝሽ መሬት ላይ እንዳለ፣ የእግርሽን ጫፍ ወደ ላይ 20 ጊዜ አንሺ። በጎንሽ ተኝተሽም የላይኛውን እግር ቀጥ አድርገሽ 15 ጊዜ አንሺ። ዳሌ ሲላላ ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ውስጥ እግርም ይወድቃል፣ ዕዳውን ቅልጥም ይከፍላል። ጡንቻ ማፍታታቱን ብትሠሪው አይጎዳሽም፣ ደስም ይላል። ግን ብቻውን ይሄን ህመም ይከላከላል ብለሽ አትተማመኚበት። በምልምል ወታደሮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ያንን አላሳዩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ነገር ፈትሺ። 30 ደቂቃ ፈጠን ብለሽ ያለ ህመም መራመድ ቻልሽ? ጠርዙን ስትጫኚው ህመሙ በግልጽ ቀንሷል? ሁለቱም አዎ ከሆነ ትጀምሪያለሽ። ካልሆነ ሌላ ሳምንት ትጠብቂያለሽ። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። ስምንት ጊዜ። 24 ደቂቃ መሆኑ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፣ ሁለት ቀን በተከታታይ በፍጹም። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ደቂቃ ሮጠሽ ሁለት ደቂቃ ተራመጂ። ከዚያ ሦስት በአንድ፣ ከዚያ አምስት በአንድ። ርቀትና ፍጥነት በአንድ ሳምንት አብረው አይጨመሩም። «በሳምንት ከመቶ 10 በላይ አትጨምሩ» የሚል የታወቀ ደንብ አለ። ጥሩ ልጓም ነው፣ ግን የእግዚአብሔር ቃል አይደለም። ከደንቡ ይልቅ ጠዋት ጠዋት ቅልጥምሽን እመኚ።

እንዲህ አድርገሽ ታዳምጪዋለሽ። በሩጫ ላይ ህመሙ ከ10 ስንት ነው? ሁለት ድረስ ከሆነና ስትቆሚ ከሄደ ቀጥዪ። ሦስት ከደረሰ በዚያው ቀን አቁሚና ተራምደሽ ቤትሽ ግቢ። በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ወርደሽ የመጀመሪያዎቹን አሥር እርምጃዎች ስትሄጂ ካመመሽ የትናንቱ በዝቷል። አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሺ። መመለስ ውድቀት አይደለም፣ ሁሉም ሰው አንዴ ሁለቴ ይመለሳል።

ስትሮጪ እርምጃሽን አሳጥሪው። በአንድ ደቂቃ ቀኝ እግርሽ ስንት ጊዜ መሬት እንደነካ ቁጠሪና በሁለት አባዢው። 156 ካገኘሽ ወደ 164 ለማድረስ ሞክሪ። ፍጥነቱ ያው ይሁን፣ እርምጃው ብቻ ይጠር፣ ይብዛ። ረጅም እርምጃ የሚጥል ሰው እግሩን ከሰውነቱ ቀድሞ በተረከዙ ነው የሚያሳርፈው፣ ቅልጥሙም በየእርምጃው ይመታል። ይሄ ገንዘብ የማያስወጣ መድኃኒት ነው፣ ብዙ ሰው ላይ ሲሠራም አይቻለሁ።

ስለ ምግብ ሳልጠይቅሽ አላልፍም። አጥንት የሚገነባው በሚበላው ነው። ክብደት ለመቀነስ ብለሽ እየሮጥሽ ምግብ ከቀነስሽ፣ የወር አበባሽም ከቀረ ወይም ከተዛባ፣ ያ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። ለስንጥቅ የሚያጋልጥ ነገር ነውና ሐኪም አማክሪ። ከጾም ውጭ የግመል ወተት ድሬ ላይ እንደ ልብ ነው፣ ጠጪ። በጾም ቀን ጤፍ፣ ጎመን፣ ሰሊጥ ካልሲየም አላቸው። ማለዳ ፀሐይም እጅና ፊትሽን ይንካሽ። ሌላው ጫት ነው። በርጫ የምትቀመጪ ከሆነ ልፈርድብሽ አይደለም። ግን ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ እንቅልፍን ይነሳል። ሰውነት የሚጠገነው ደግሞ በልቶ ሲተኛ ነው። ቢያንስ በእነዚህ ሁለት ወራት ተዪው።

አሁን ወደ እናትሽ። የሳቸው ከአንቺ ይለያል ብዬ እገምታለሁ። የት ጋ እንደሚያማቸው ጠይቂያቸው። ብዙ የሚራመድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያመው ከቅልጥሙ ፊት ለፊት፣ ወደ ውጭ ባለው ሥጋ ላይ ነው። ያ ጡንቻ የእግርን ጫፍ የሚያነሳ ነው። ዳገት ላይ ይበዛበታል። ነጠላ ጫማ ወይም ሸበጥ ሲደረግ ደግሞ እንዳይወልቅ በጣት መጨበጥ ስላለ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል። ብዙ እናቶች ላይ ሸበጡን በተረከዙ በሚያዝ፣ ማሰሪያ ባለው ጫማ መቀየር ብቻውን ህመሙን ይቀንሳል። ህመሙ ግን ባታቸው ላይ ከሆነ፣ ጥቂት ሲሄዱ እየቆረጠመ፣ ቆም ሲሉ የሚለቃቸው ከሆነ የደም ሥር መጥበብ ሊሆን ይችላል። እሱ ይታይላቸው። ስኳር ካለባቸውም ከጉዞው በፊት እግራቸውን ሐኪም ይይላቸው። የደነዘዘ እግር ቁስል አይሰማም።

ከድሬ ቁልቢ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መጀመሪያውም የደንገጎ ዳገት ነው። ታኅሣሥ 19 ሦስት ወር ያህል ቀርቶታል። ይበቃል፣ ዛሬ ከተጀመረ። በሳምንት አራት ቀን ለግማሽ ሰዓት ይራመዱ። ከአራቱ አንዱን ቀን በየሳምንቱ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይጨምሩበት። በየአራተኛው ሳምንት ጭማሪው ይቅርና እግር ይረፍ። ከአምስተኛው ሳምንት በኋላ ትንሽ ዳገት ይግባበት። በታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ቀን ሦስት፣ አራት ሰዓት ያህል ቢሄዱ ዝግጁ ናቸው። ከዚያ የመጨረሻዎቹን አሥር ቀናት ቀለል ያድርጉት። አዲስ ጫማ ለጉዞው ቀን አይገዛ፣ ቢያንስ አንድ ወር ይለመድ። ጉዞውን በሁለት ቀን ከፍለው መሃል ላይ ይደሩ። በባዶ እግር ብለው ከተሳሉም የንስሐ አባታቸውን ያማክሩ። ረጅሙን በጫማ፣ የመጨረሻዋን በባዶ እግር መሄድ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ። ስለቱን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፣ እኔ ስለ እግሩ ብቻ ነው የምናገረው። ሲመለሱ ግን በመኪና። የደከመ እግር ደንገጎን ቁልቁል መውረድ የለበትም።

ታላቁ ሩጫስ? ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል፣ ዘንድሮ ባይሆን ለከርሞ አለ። ግን ተስፋ ቁረጪ እያልኩሽ አይደለም። ስምንት ሳምንት ገደማ አለሽ። ቶሎ የተያዘ ሺን ስፕሊንት በጥቂት ሳምንታት ይለቃል፣ የቆየው ነው ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የሚወስደው። ያንቺ ገና ነው። ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አምስት በአንድ እያደረግሽ 40 ደቂቃ ያለ ህመም ከሄድሽ የጉዞ ትኬትሽን ቁረጪ። አሥሩን ኪሎ ሜትር እየሮጥሽ እየተራመድሽ ጨርሺው። ከድሬ አዲስ አበባ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚል ትንፋሽሽ ያጥራል፣ አትደንግጪ። ቁልቁለቶቹ ላይ በተለይ ሰው ሁሉ ሲበር አንቺ እርምጃሽን አሳጥሪ። 40 ደቂቃው ካልሞላልሽ ዘንድሮ ከዳር ቆመሽ ጓደኞችሽን አበረታቺ።

ለአሁኑ ግን ዛሬ ማታ ጠርዙን ፈትሺና የት ጋ እንዳመመሽ፣ ስንት ጣት እንደሆነ ጻፊልኝ። የቀኙ ለምን እንደባሰም ማወቅ እፈልጋለሁ። ሁልጊዜ በመንገዱ በአንድ በኩል የምትሮጪ ከሆነ አስፋልቱ ወደ ጠርዝ ስለሚያዘቀዝቅ አንዱ እግርሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚሮጠው። የእናትሽን ጫማም በስልክሽ አንሺና ከኋላ በኩል ያለውን ላኪልኝ።